ዝቅ ለተደረገች አሮጌ መኪና በአነስተኛ ገንዘብ አሞርዛተር ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ግድብና ስለ ድልድይ በሚነገርበት ጉባኤ መካከል፣ ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ስላለች አሮጌ ቶዮታ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን የዝግጅት ኮሚቴው ይህን ርእስ በመምረጡ አመሰግነዋለሁ። ምክንያቱም ከመካከላችን ብዙዎቹ በጋራዥ ኃላፊነት፣ በተሽከርካሪ ምርመራ ወይም በማስተማር ሥራ ላይ የተሰማሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለች መኪና በየሳምንቱ በፊታቸው ትቆማለች፤ ባለቤቷም በኪሱ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ቆጥሮ «የቱን አሞርዛተር ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ስም ነው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ትክክለኛው መልስ ከስም በፊት በሜትር የሚለካ ርዝመት መሆኑን ነው።

አሮጌ መኪኖች በአገራችን መንገዶች ላይ ገና ለብዙ ዓመታት እንደሚቆዩ አያጠራጥርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1979 ገበያ ላይ የዋለው፣ እኛ «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራው የኋላ ጎማ ነጂ ኮሮላ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይኖራል። ልጁም አባቱ ያልተመኙትን ይመኛል፤ መኪናዋ ወደ መሬት ቀረብ ብላ፣ ጎማዋ ከመከለያው ሥር ገብቶ እንዲታይ ይፈልጋል። በዚህ ምኞት ላይ ለመሳለቅ አልመጣሁም። የክብደት ማዕከል ዝቅ ሲል በመታጠፊያ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚተላለፈው ጭነት በእርግጥ ይቀንሳል። ማዕከሉ ከመሬት 540 ሚሊሜትር ከነበረና 40 ሚሊሜትር ቢወርድ ቅናሹ ከመቶ ሰባት ያህል ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። ነገር ግን መንገዱ አልተለወጠም፤ ጉድጓዱም ፍጥነት መቀነሻ ጉብታውም በቦታቸው አሉ።

ወደ አሞርዛተሩ ከመግባታችን በፊት «ዝቅ ያለች መኪና» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

አንደኛዋ ማንም ዝቅ ሳያደርጋት በዕድሜና በጭነት ብዛት ሞላዋ የተቀመጠባት መኪና ናት። የተቀመጠ ሞላ ቁመቱን እንጂ ግትርነቱን ከሞላ ጎደል አያጣም፤ የብረቱ የመለጠጥ ባሕርይ እንደ ቀድሞው ነውና። እንዲህ ላለችው መኪና ጠንካራ አሞርዛተር መግዛት በሽታው በእግር ላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን በእጅ ላይ እንደ መቀባት ነው፤ የሚያስፈልጋት ሞላ ነው። ሁለተኛዋ ከኋላ ባሌስትራ ያላት ሆና በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ማስቀመጫ የገባባት ናት። በእርሷም ዘንድ ግትርነቱ አልተለወጠም፤ የጠፋው ወደ ላይ የሚኬድበት ቦታ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ሞላዋ ተቆርጦ ወይም በአጭርና ጠንካራ ሞላ ተተክቶ የወረደችው ናት። በዚህችኛዋ ቁመቱም ግትርነቱም በአንድ ጊዜ ተለውጠዋል። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው ስለዚህችኛዋ ነው።

አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። ሸካሚው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ የሚሠራው ሞላው ተጨምቆ ያጠራቀመውን ጉልበት፣ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ከሱቅ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ሰው የሚያውቀውን ይረሳልና፣ አንድ ትንሽ ስሌት አብረን እንሥራ።

የሞላ ግትርነት ከሚሠሩት ጥምዝምዞች ቁጥር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ስምንት የሚሠሩ ጥምዝምዞች የነበሩት ሞላ ሁለቱ ቢቆረጡለት ግትርነቱ በአንድ ሦስተኛ ያድጋል። የማብረድ ምጣኔ የሚባለው ደግሞ ግትርነቱን ራሱን ሳይሆን የግትርነቱን ሁለተኛ ሥር ይከተላል፤ ስለዚህ አዲስና ጤናማ የሆነ የፋብሪካው ዓይነት አሞርዛተር በዚህ በተቆረጠ ሞላ ላይ ቢገጠም፣ ምጣኔው የሚቀንሰው ከመቶ 13 ያህል ብቻ ነው። ግትርነቱ በ60 ከመቶ ቢያድግ እንኳ ቅናሹ ከመቶ 21 ያህል ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ! ለሠላሳ ዓመት ያገለገለ አሞርዛተር ያለ ማንም መቁረጥ ከዚህ የበለጠ ኃይል አጥቶ ሊገኝ ይችላል። «ሞላው ስለ ጠነከረ እጥፍ ጠንካራ አሞርዛተር ያስፈልጋል» የሚለው በየጋራዡ የሚሰማው አባባል በስሌት አይደገፍም።

አሁን ደግሞ ርዝመቱን እንመልከት። እንበልና አንድ አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 500፣ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ 320 ሚሊሜትር ነው፤ መኪናዋ በፋብሪካው ቁመት ስትቆም ርዝመቱ 420 ላይ ያርፋል። ወደ ላይ 100፣ ወደ ታች 80 ሚሊሜትር ጉዞ አለው ማለት ነው። መኪናዋን በ45 ሚሊሜትር ብናወርዳት የሚተርፈው የመጨመቂያ ጉዞ 55 ብቻ ይሆናል። ከዚህም ውስጥ የላስቲክ መመከቻው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አንድን የመንገድ ምት በ100 ሚሊሜትር ፋንታ በ55 ለማቆም የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል 1.8 እጥፍ ነው። በማብረድ ምጣኔ የተጎዳነው 13 ከመቶ፣ በጉዞ የተጎዳነው 45 ከመቶ! ገንዘብ ጥቂት በሆነ ጊዜ ከሁለቱ ጉዳቶች የትኛው መቅደም እንዳለበት ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ጉዞው ሲያልቅ የሚሆነውን ማብራራት ያሻል። ሁለት ቱቦ ባለው በተለመደው አሞርዛተር ውስጥ ፒስተኑ ወርዶ ከሥር ያለውን ቫልቭ ይመታል። ይህ ቫልቭ በመጨመቅ ጊዜ የሚያበርደው ዋናው ክፍል ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመታ ላይሰማው ይችላል፤ በየቀኑ በኮብልስቶን መንገድ ላይ ሲመታ ግን ይላላል፤ ከዚያ በኋላ አሞርዛተሩ ከውጭ ዘይት ሳያፈስ፣ አዲስ መስሎ እየታየ፣ ከውስጥ ሞቷል ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት አባቱ የተዉለትን ኮሮላ ያወረደ አንድ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ሁለት ጥንድ የኋላ አሞርዛተር ገዝቷል፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን አጥተዋል። ሻጩ መካኒኩን፣ መካኒኩ ፋብሪካውን ይወቅሳሉ። ልጁ ለሦስተኛ ጥንድ የሚሆን ገንዘብ በመበደር ላይ ነበር። ከዚያም በላይ፣ በዝናብ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ የኋላው አክስል ዘሎ መኪናዋ ወደ ጎን በመሄዷ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭታለች፤ ከጎኑ ታናሽ እኅቱ ተቀምጣ ነበር። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። መኪናዋን መሬት ላይ እንደ ቆመች ለካናት። የኋላው አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ለመጨመቅ የቀረው 15 ሚሊሜትር ነበር፤ የላስቲክ መመከቻውም «ቦታ ይይዛል» ተብሎ ተቆርጦ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የዓለም ምርጥ አሞርዛተር ቢገጠም ዕድሜው ከሁለቱ አይረዝምም። የማንም ፋብሪካ ጥፋት አልነበረም። አጠር ያለ አሞርዛተር ተፈልጎ፣ መመከቻው ተመልሶ፣ ከሞላው ሥር 20 ሚሊሜትር ማስቀመጫ ገብቶ ሥራው አለቀ። ለአዲሱ ጥንድ የወጣው ዋጋም ከቀድሞዎቹ የአንዱን ጥንድ ያህል ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ የተለመደ ጭነቷን ይዛ ሳለ ከአሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ ጎማው ወደ ላይ እስከ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል፣ ማለት መመከቻው ሙሉ በሙሉ እስኪጨመቅ ወይም ጎማው ከአካሉ ጋር እስኪነካካ ድረስ ያለው ይታያል። ለመግዛት የምናስበው አሞርዛተር ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ያለው ርዝመት ከዚህ ነጥብ ቢያንስ በ10 ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ሦስተኛው ልኬት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ሲንጠለጠል፣ የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ይላቀቃል ወይስ አይላቀቅም? በብዙ መኪኖች ላይ ጎማው ወደ ታች እንዳይሄድ የሚገታው አሞርዛተሩ ራሱ ነው። አሞርዛተሩ ረጅም፣ ሞላው አጭር ከሆነ፣ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ቦታውን ይለቃል፤ ሲመለስም ጠማማ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይህን የመሰለ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ፣ ቦሎው ከመሰጠቱ በፊት ክሪክ ተደርጎ ይታይ ዘንድ ለመርማሪ ባልደረቦቻችን አሳስባለሁ። አንድ ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው።

አሞርዛተሩ ዘንበል ብሎ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ የጎማው ጉዞና የአሞርዛተሩ ጉዞ እኩል አይደሉም። በ30 ዲግሪ የተዘነበለ አሞርዛተር ጎማው 100 ሚሊሜትር ሲሄድ እርሱ የሚሄደው 87 ያህል ነው፤ በጎማው ላይ የሚያሳድረው የማብረድ ውጤትም ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል።

ስለ ኃይሉም ጥቂት ልበል። አሞርዛተር በሚዘረጋበት ጊዜ የሚያሳየው ተቃውሞ በሚጨመቅበት ጊዜ ከሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ገዢው ከሱቁ ውስጥ በእጁ ስቦ «ይህ ጠንካራ ነው» የሚለው ይህንን የመዘርጋት ተቃውሞ ነው። ለመስተዋት ለሚመስል አስፋልት ይህ ጥንካሬ መልካም ሊሆን ይችላል። ተከታታይ ጉብታ ባለበት መንገድ ላይ ግን ጎማው ከአንዱ ድንጋይ ወርዶ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሌላው ድንጋይ ይደርስበታል፤ በየምቱ መኪናዋ በጥቂቱ እየወረደች ሄዳ በመጨረሻ በመመከቻው ላይ ትቀመጣለች። ቀድሞውኑ ጉዞዋ የተሰረቀባት መኪና ቀሪውንም በዚህ ታጣለች። ነጂው «ሞላው በጣም ጠነከረ» ብሎ ያማርራል፤ ሞላው ግን ምንም እየሠራ አይደለም። ስለዚህ በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ ላይ ለምትኖር ዝቅ ያለች መኪና፣ እጅግ ጠንካራ ከሆነው ይልቅ ከፋብሪካው ዓይነት ጥቂት ከፍ የሚለው ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ አስተያየቴ ወጣቶቹን እንደማያስደስት አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው የዓይነትና የስም ጉዳይ የሚመጣው። ሁለት ቱቦ ያለው፣ ዘይት ብቻ ወይም ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተጨመረበት አሞርዛተር ርካሹ ነው፤ የጃፓኑ ካያባና የአሜሪካኑ ሞንሮ ይህን ዓይነት በብዛት ይሠራሉ። እስከ 25 ሚሊሜትር ድረስ ለወረደች መኪና፣ ልኬቱ ከፈቀደ፣ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ እንዲህ ያለ አሞርዛተር ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ ሆኖ አይታየኝም። አንድ ቱቦና ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ያለበት ዓይነት፣ የጀርመኑ ቢልሽታይን እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ ማቅረብ የጀመረው፣ ሙቀትን በተሻለ ያስወጣል፤ ዘይቱም አረፋ አይሠራም። ነገር ግን ዋጋው ከፍ ይላል፤ የውጭ ቱቦው በድንጋይ ቢጎደጎድ ፒስተኑ ስለሚያዝ ወዲያው ይበላሻል። ይኸው ፋብሪካ ለተለመደ ቁመት «ቢ 6»፣ ለወረዱ መኪኖች ደግሞ አጠር አድርጎ «ቢ 8» በሚል የተለያየ ምልክት መሸጡ፣ ርዝመት ራሱን የቻለ ጉዳይ መሆኑን ሠሪዎቹም እንደሚያምኑበት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1857 የፈረስ ዕቃ በመሥራት ሥራውን የጀመረው የሆላንዱ ኮኒ የሚሠራቸው ተስተካካይ አሞርዛተሮች ሌላ ጥቅም አላቸው፤ የመዘርጋት ተቃውሟቸው ሊጨመር ስለሚችል፣ ያገለገለ ጥንድ በመጠኑ አልቆ ቢገኝ እንኳ በማስተካከያው ተመልሶ ሊረዳ ይችላል። ገንዘቡ ለአዲስ ለማይደርስ ሰው፣ ያገለገለ ተስተካካይ ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

በኮሮላው የፊት እግር ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። የፊቱ አሞርዛተር በማክፈርሰን እግር ቱቦ ውስጥ የሚገባ ካርትሪጅ ነው፤ ከላይ በትልቅ ጥምዝ ክዳን ይታሰራል። የቱቦው ርዝመት ካልተለወጠ አጭር ካርትሪጅ መግዛት ብቻውን የመጨመቂያ ጉዞ አይጨምርም፤ ከሥሩ ማስቀመጫ ገብቶ ክዳኑ እንዲያጠብቀው ይደረጋል እንጂ ቱቦው ያው ነው። ጉዞውን ለማስመለስ ቱቦው ተቆርጦ መበየድ አለበት። በአሜሪካ ያሉ የዳትሰን 240ዜድ አፍቃሪዎች ቱቦውን አሳጥረው የቶዮታ ኤምአር2 ካርትሪጅ መግጠምን የተለመደ ሥራ አድርገውታል። ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ነገር ግን ያ ቱቦ መሪውንም፣ ፍሬኑንም፣ የመኪናዋንም የፊት ክብደት የሚሸከም ነው፤ ብየዳው ቢለቅ ሁለተኛ ዕድል የለም። ብቃቱ የተመሰከረለት በያጅ በሌለበት ይህን ሥራ ማንም አባላችን እንዳይፈቅድ እጠይቃለሁ። ደግሞም በማክፈርሰን ዓይነት እገዳ መኪናዋ ስትወርድ የታችኛው ክንድ ወደ ጎማው ሽቅብ ይዘነብላል፤ መኪናዋ የምታጋድልበት ማዕከል ከክብደት ማዕከሉ ይበልጥ ስለሚወርድ፣ ከመጠን ያለፈ ማውረድ ማጋደልን የሚቀንስ መስሎ ሊጨምረው ይችላል። በፊት በኩል ከ25 ወይም 30 ሚሊሜትር በላይ አትውረዱ የምለው ስለዚህ ነው። ካርትሪጁ ሲገባ በዙሪያው ጥቂት ዘይት ማድረግም አይዘንጋ፤ ሙቀቱ ወደ ውጭ ቱቦ የሚተላለፈው በእርሱ ነው።

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው የሚከተለውን እመክራለሁ። የአሞርዛተሩን ዘንግ ክሮም በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ሻካራ ነጥብ ካለ ማኅተሙን ይበላዋልና ተዉት። ሁለት ቱቦ ያለውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡት ጨምቁት፤ ተኝቶ በቆየበት ጊዜ የገባው አየር እስኪወጣ ድረስ የሚሰማው ባዶነት ጉድለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላም ባዶ ቦታ ካለ ግን ጉድለት ነው። መኪና ላይ ሆኖ መከለያውን በእጅ ገፍቶ መልቀቅ ፈጽሞ የሞተውን እንጂ ግማሽ የሞተውን አይለይም፤ ያረጁና የተጨናነቁ የላስቲክ ቡሾች ራሳቸው ንቅናቄውን ስለሚይዙ የሞተው ሕያው መስሎ ይታያል። ተሰንጥቆ፣ በሞተር ዘይት ተሞልቶ እንደ ገና የተበየደ አሞርዛተር በምንም ዋጋ አይገዛ። ሁልጊዜም በአንድ አክስል ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ገንዘቡ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከደረሰ፣ የመጨመቂያ ጉዞ ያነሰበት አክስል ይቅደም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ከተለካ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔ ከአሞርዛተር ሱቅ ውጭ ሆኖ ይገኛል። ከተወሰደው 45 ሚሊሜትር ውስጥ 20ውን መመለስ፣ ማለት ያልተቆረጠ ያገለገለ ሞላ መግጠም ወይም ከሞላው ሥር በሚገባ የተሠራ ማስቀመጫ ማስገባት፣ የመጨመቂያ ጉዞውን ከ55 ወደ 75 ሚሊሜትር ያሳድጋል፤ የተለመደው ርካሽ አሞርዛተርም ያለ ችግር ሊሠራበት ይችላል። ወጣቱ ግን መኪናዋ ከፍ እንድትል አይወድም። መልኳን ከወደደ ዋጋዋን ይክፈል፤ ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም ብሎ በግልጽ መንገር የእኛ ፈንታ ነው።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአገራችን አሞርዛተር የሚሸጠው በመኪና ስም ነው። «የዲኤክስ»፣ «የላዳ»፣ «የፔጆ» ይባላል። በሠሪዎቹ መዘርዝር ላይ ግን የተዘረጋና የተጨመቀ ርዝመት፣ የመያዣው ዓይነትና የዘንጉ ውፍረት ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ ቁጥር ወደ ሱቁ ጠረጴዛ አይደርስም እንጂ። እያንዳንዱ አባል በሥራው ላይ የሚያገኛቸውን አሞርዛተሮች ለክቶ፣ የተዘረጋውንና የተጨመቀውን ርዝመት፣ የላይኛውንና የታችኛውን መያዣ ዓይነት ጽፎ ለቴክኒክ ክፍላችን ቢልክ፣ በሚመጣው ዓመት እትም ላይ አንድ ሰንጠረዥ ማውጣት እንችላለን። እኔ በበኩሌ ሰላሳ አራት ልኬቶች ይዣለሁ፤ ዛሬ ለጸሐፊው አስረክባለሁ። የላዳና የፔጆ 504 የኋላ አሞርዛተሮች ከመካከላቸው የሉም፤ እነዚህን የለካችሁ ብትኖሩ ከስብሰባው በኋላ ብታገኙኝ ደስ ይለኛል።